ደብረ ብርሃን ላይ በትእዛዝ የሚሠራው የልጆች መደገፊያ ወንበር፦ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ራሱን ችሎ መቀመጥ ለማይችል ልጅ፣ በተለይ ሴሬብራል ፓልሲ (አንጎል በመጎዳቱ የሚመጣ የእንቅስቃሴና የጡንቻ ችግር) ላለበት፣ ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ አንድ እንጨት ሥራ ቤት በትእዛዝ የሚሠራው መደገፊያ ወንበር ጥሩ ዕቃ ነው። መጋጠሚያው ጥብቅ ነው፣ ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ተፍቋል፣ ሲበላሽም እዚያው ይጠገናል። ነገር ግን ሥራ ቤቱ ሁለት ነገር ላይ ይሳሳታል። ሁለቱንም አስቀድሞ ያልተናገረ ወላጅ ገንዘቡን ከፍሎ ልጁን የሚጎዳ ዕቃ ይዞ ይመለሳል።

ወንበሩ ባለ ጥግ ነው። ጀርባው አንድ ወጥ ሳንቃ ሳይሆን ሁለት ሳንቃዎች በ90 ዲግሪ ተጋጥመው የተሠራ ነው። ይህ ለውበት ብቻ የተደረገ አይደለም። ጡንቻው የሚገታተር ልጅ ትከሻው ወደ ኋላ ይሳባል፣ እጆቹም ወደ ጎን ይከፈታሉ። ጥጉ ትከሻዎቹን ወደ ፊት ስለሚያመጣቸው ሁለቱ እጆቹ ደረቱ ፊት ይገናኛሉ። ልጁ ኩባያ ለመያዝና ቁራሽ ዳቦ ወደ አፉ ለማድረስ መንገዱ የሚከፈትለት በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ልኬት ነው። ትእዛዝ ሲቀበሉ የሚጠይቁት “ስንት ዓመቱ ነው?” ብለው ነው። መዋጥ የሚቸግረውና ለዓመታት ተኝቶ ያደገ ልጅ ስድስት ዓመት ሞልቶት የሦስት ዓመት ልጅ ሊያክል ይችላል። በጉዲፈቻ ወይም በአደራ ቤተሰብነት ለተቀበላችሁት ልጅ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ዕድሜ ራሱ ግምት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕድሜውን ተዉትና ልኬት ይዛችሁ ሂዱ።

አለካኩ ከባድ አይደለም። ልጁን ጠንካራ በርጩማ ላይ አስቀምጡት። አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ዳሌውን ቀጥ አድርጎ ይያዝለት፣ ሌላው በልብስ ሰፊ ሜትር ይለካ። ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ቋንጃው ያለውን ርዝመት ያዙና ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ቀንሱለት፤ የመቀመጫው ጥልቀት ያ ነው። ይህ ካልተቀነሰ የሳንቃው ጠርዝ ቋንጃውን ይገፋዋል፣ ልጁም ከዚያ ለመሸሽ ዳሌውን ወደ ፊት ያንሸራትታል፣ ጀርባው ይጎብጣል፣ አንገቱ ይዘነበላል። “ልጁ ወንበሩ ላይ አልረጋ አለ” ሲባል መጀመሪያ መታየት ያለበት ይኸው ነው። ዳሌ ደግሞ እስከ ጥጉ ጫፍ ድረስ ስለማይገባ፣ ታች ጥጉ ላይ ትንሽ ጠፍጣፋ ሳንቃ አስገጥሙና ጥልቀቱ ከእሱ ጀምሮ ይቆጠር። ለስፋቱ በዳሌው ወርድ ላይ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር መጨመር ይበቃል። “ሲያድግ ይሞላዋል” ተብሎ የሰፋ ወንበር ልጁን ወደ አንድ ጎን ያጋድመዋል። ለማደጊያ የሚሆነው ሌላ መላ ነው፦ የእግር መርገጫው ከፍ ዝቅ እንዲል በየ3 ሳንቲ ሜትሩ የብሎን ቀዳዳ ማስበሳት። የመርገጫው ከፍታ ከቋንጃ እስከ ተረከዝ ከነጫማው፣ ከወንበሩ ፊት የሚገጠመው ጠረጴዛ ከፍታ ደግሞ ከመቀመጫው እስከ ታጠፈ ክርን ነው። ሁለቱንም ጭኖች ለኩ። አንዱ ካጠረ ዳሌው ወልቆ ሊሆን ስለሚችል ከአናጺው በፊት ሐኪም ይየው።

ሁለተኛው ስሕተት ቀበቶው ነው፤ ይህ ደግሞ አደገኛ ነው። ሥራ ቤቱ ቀበቶውን ደረት ላይ ብቻ ያደርገዋል። ልጁ ወደ ታች ሲንሸራተት የደረት ቀበቶ አንገት ላይ ይደርሳል፣ ሊያንቀውም ይችላል። ዋናው ቀበቶ ዳሌ ላይ መሆን አለበት፦ መቀመጫውና ጀርባው ከሚገናኙበት ተነሥቶ በ45 ዲግሪ ያህል ወደ ፊት ጭኑ ሥር ላይ የሚያርፍ። በጉልበቶቹ መሃል የሚቆመው ማለያያም ሥራው ጉልበቶቹ እንዳይጣበቁ ማድረግ ብቻ ነው፤ ልጁን ከመንሸራተት እንዲያስቆም ተብሎ ወደ ብሽሽት ከተጠጋ ያቆስለዋል።

ሥራ ቤቱ እግር ተዘርግቶ ወለል ላይ የሚቀመጡበት ዝቅተኛ ዓይነትም አለው፤ ዋጋውም ይቀንሳል። የልጁ ጉልበት ሙሉ በሙሉ የማይዘረጋ ከሆነ አትግዙት። የጭኑ የኋላ ጅማት ዳሌውን ይጎትተውና ልጁ ጎብጦ ይቀመጣል።

እንጨቱን በተመለከተ የደረቀ ዋንዛ ወይም ጥድ ምረጡ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ብሎኑም ይላላል። ችፑድ ምራቅና ሽንት ሲነካው ያብጣል። ልባሱ ሌዘር ነው፤ ለመወልወል ይመቻል፣ ግን በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት እንደ በረዶ ነው፣ ተንቀሳቅሶ መሞቅ ለማይችል ልጅ ደግሞ ከባድ ነው። የመንዝ ባና አጥፎ ላዩን በጥጥ ጨርቅ ሸፍኖ ማንጠፍ ጥሩ ነው፤ ባናው ቆዳ ሲነካ ይኮሰኩሳልና ጨርቁ አይቅር። የባናው ውፍረት ልኬቱን ስለሚቀይር ጠረጴዛው ከመገጠሙ በፊት አንጥፋችሁ አሳዩአቸው። ሞቃት በሆኑት ሸዋ ሮቢትና አጣዬ ላሉት ግን ባናውን ትቶ የጥጥ ጨርቁ ብቻ ይበቃል።

ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ውጭ አገር የሚደረግ ጉዲፈቻ በአዋጅ ስለተከለከለ፣ አሳዳጊ የሌላቸው ልጆች ቤተሰብ የሚያገኙት እዚሁ አገር ውስጥ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ወንበር በቅርብ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ከማሳደጊያ የመጣ ልጅ ተቀምጦ የማያውቅ ሊሆን ስለሚችል ቀበቶ ሊያስደነግጠው ይችላል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በ10 ደቂቃ ጀምሩ፣ ፊት ለፊቱ ዝቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ብቻውን አስራችሁ አትተዉት። ሲበላ ዳሌና ጉልበቱ በ90 ዲግሪ ታጥፈው እግሩ መርገጫው ላይ ይረፍ፣ አገጩም በትንሹ ወደ ደረቱ ያዘንብል። ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አቃንቶ አጥሚት ማንቆርቆር ምግቡን ወደ ሳንባ ሊሰደው ይችላል። ከበላ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንደተቀመጠ ይቆይ።

ቀሪውን ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ልጁን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሥራ ቤቱ ውስጥ ለ20 ደቂቃ አስቀምጡት። ከዚያ አንሥታችሁ መቀመጫውን፣ ቋንጃውን፣ የጀርባ አጥንቱንና ብሽሽቱን እዩ፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ ሞቅ ወይም ጠንከር ያለ ቦታ ፈልጉ። ምልክቱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ ያ ቦታ ነገ ሊቆስል ይችላል፤ እናንተ እያላችሁ ጠርዙን ይፋቁት ወይም ስፖንጅ ይጨምሩበት።