ይህን የመርፌ ማስተካከያ መስታወት እንዳትገዙ

የሸክላ ማጫወቻ ያላችሁ፣ በተለይም ከቤተሰብ የወረሳችሁትን የድሮ ሸክላ የምታጫውቱ ወገኖች፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። በኢንተርኔት «ለማንኛውም ማጫወቻ የሚሆን፣ እጅግ ትክክለኛ» እየተባለ፣ በጥቁር የጨርቅ ከረጢት የሚሸጥ፣ የማጫወቻው መርፌ ሸክላው ላይ በትክክለኛው አቅጣጫ እንዲያርፍ የሚለካበት የመርፌ ማስተካከያ መስታወት አለ። አብሮት ከሚመጣው፣ የመርፌውን ጫና ከሚመዝነው ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ጋር 65 ዶላር ከፍዬበታለሁ። መስታወቱም ሚዛኑም የተሳሳቱ ናቸው።

የማጫውተው በቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ነው። አባቴ ካቆየልኝ ሸክላ አብዛኛው ባለ 45 ዙሩ ትንሹ ነው፤ አምሃ ሪከርድስና ካይፋ ሪከርድስ ያሳተሟቸው፣ ቢበላሹ ምትክ የማላገኝላቸው። አዲስ ካርትሪጅ (መርፌውን የሚይዘውን ክፍል) ገጠምሁና መብራት አቅርቤ፣ ማጉያ መነጽር ይዤ፣ ምሽቱን ሙሉ መርፌውን በመስታወቱ ሁለት ነጥቦች ላይ ሳስተካክል አመሸሁ። ከዚያ ሸክላ ሳስቀምጥ ዘፋኙ «ሰ» ወይም «ሸ» ባለ ቁጥር ድምፁ በጋለ ምጣድ ላይ እንደወደቀ የውሃ ጠብታ ቸስ ይላል። ዘፈኑ ወደ መጨረሻው ሲቃረብ ደግሞ ይብሳል። መጀመሪያ ሸክላው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛውም እንዲሁ ሲሆኑ የብረት ማስመሪያ አወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሸክላው ሲቀረጽ የመቅረጫው መርፌ በቀጥታ መስመር ወደ መሀል ይጓዛል። የእኛ ማጫወቻ ክንድ ግን አንድ ጫፉ ተተክሎ ቅስት እየሠራ ይሄዳል። ስለዚህ መርፌው ድምፁ ከተቀረጸበት ቦይ ጋር በትክክል የሚገጥመው በሁለት ቦታ ብቻ ነው። ስዊድናዊው ኤሪክ ሎፍግሬን እ.ኤ.አ. በ1938፣ ቤርዋልድም በ1941 ባወጡት ስሌት መሠረት በስፋት የሚሠራባቸው ነጥቦች ከመሀል 66 እና 120.9 ሚሊ ሜትር ይርቃሉ። በገዛሁት መስታወት ላይም ርቀቱ ልክ ነው፤ ሻጩ የሚመካውም በዚህ ነው። ነገር ግን ማስመሪያውን በሁለቱ ነጥቦች ላይ ሳጋድመው መስታወቱ በማጫወቻው እንብርት ላይ በሚጠልቅበት ቀዳዳ መሀል ማለፍ ሲገባው 2 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ስቶ አለፈ። ቀዳዳው ያለ ቦታው ተበስቷል! ይህች 2 ሚሊ ሜትር በ66ቱ ነጥብ ላይ ካርትሪጁን ከ1 ዲግሪ ተኩል በላይ ታጣምመዋለች፤ የትንሹ ሸክላ ሙዚቃ ደግሞ ሁሉም ያለው በዚያው አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ቀዳዳው 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን የማጫወቻው እንብርት 7.2 ገደማ ስለሆነ መስታወቱ በጣት ሲነካ ይንሸራተታል።

ሚዛኑን በአሜሪካ የ5 ሳንቲም ኒኬል ፈተንሁት። ኒኬሉ 5 ግራም ነው፤ ሚዛኑ ግን 4.6 አለኝ። ስለዚህ 1.8 ግራም ብዬ ያስቀመጥሁት መርፌ ወደ 2 ግራም ተጠግቶ ሲጫን ቆይቷል ማለት ነው።

ገንዘቤን ስጠይቅ «ከከረጢቱ ከወጣ አይመለስም» የሚል መልስ ሰጡኝ። ከከረጢቱ ሳይወጣ በምን ይለካል? ማስመሪያው ያረፈበትን ፎቶግራፍም ላክሁላቸው፤ መልስ የለም። አሁን በባንክ ካርዴ በኩል አቤት ብያለሁ።

ከዚህ ቀደም የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ማስመሪያውን አጋድማችሁ እዩት፤ እስክታዩትም ድረስ ውድ ሸክላችሁን አታጫውቱ። የቴክኒክስ ባለቤቶች ደግሞ ይህ ዕቃ አያስፈልጋችሁም። ከማጫወቻው ጋር የሚመጣው ትንሹ የፕላስቲክ መለኪያ፣ ከሄድሼሉ (ካርትሪጁ ከሚታሰርበት የክንዱ ራስ) መጋጠሚያ እስከ መርፌው ጫፍ 52 ሚሊ ሜትር የሚያስይዘው፣ ይበቃል። እኔም ወደ እርሱ ተመልሼ «ሰ»ው «ሰ» ሆኖ ተሰማኝ። ሌላ ማጫወቻ ያላችሁ በኢንተርኔት በነጻ የሚገኘውን የመርፌ ማስተካከያ ሥዕል በወረቀት ማተም ትችላላችሁ፤ ማተሚያው ግን ሥዕሉን ሊያጠበው ስለሚችል 100 ሚሊ ሜትር የተባለው መስመር በማስመሪያ 100 መሆኑን ሳታረጋግጡ ካርትሪጁን አትፍቱ።