ካፒቴን ቶድ በዊ ዩ እና በስዊች፦ የሐያሲያን አቀባበል

«ካፒቴን ቶድ፦ ትሬዠር ትራከር» የተሰኘው የኒንቴንዶ የቪዲዮ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2014 ለዊ ዩ፣ በ2018 ደግሞ ለስዊች (ሁለቱም የኩባንያው የጨዋታ መሣሪያዎች ናቸው) ሲቀርብ ከሐያሲያን ያገኘው አማካይ ነጥብ በሁለቱም ጊዜ ከ100 ከ80 ጥቂት ከፍ ያለ ነበር፤ ነጥቡ ቢቀራረብም የምስጋናውና የወቀሳው መነሻ ግን አንድ አልነበረም።

የዊ ዩው እትም ከሁሉ በላይ የተወደሰው በአዲስነቱ ነው። ከባድ ሻንጣ የተሸከመው ባለታሪክ መዝለል ስለማይችል፣ ተጫዋቹ እንደ አሻንጉሊት ቤት የታመቀውን መድረክ ከየአቅጣጫው እያዞረ ከግድግዳ ጀርባ የተሸሸጉትን ሦስት ዕንቁዎችና መጨረሻ ላይ የሚጠብቀውን ኮከብ ይፈልጋል። አንዳንዱን ወለል ወደ ላይ ለማንሳት በመቆጣጠሪያው ማይክሮፎን ላይ እፍ ማለት ያስፈልግ ነበር፤ ሰው እያየ ሲያደርጉት ትንሽ ያሳፍራል እንጂ የጨዋታውን መንፈስ በሚገባ ይገልጻል። ወቀሳው ጨዋታው ቶሎ በማለቁና አንዳንዴ በሚያስቸግረው የካሜራ አያያዝ ላይ ያተኮረ ነበር።

የስዊቹ እትም አዲስ ነገር መሆኑ ቢቀርም ምቾትን አትርፏል። መድረኮቹ አጫጭር በመሆናቸው በእጅ ተይዞ ለሚጫወቱበት መሣሪያ ልክ የተሰፉ ይመስላሉ፤ ለሁለት ሰው የሚሆን የጨዋታ ስልትና በሌላው የኒንቴንዶ ጨዋታ በ«ሱፐር ማሪዮ ኦዲሲ» ዓለማት ላይ የተመሠረቱ መድረኮችም ተጨምረውበታል። በእኔ ግምት ይህ እትም የተሻለው በእጅ ሲያዝ ብቻ ነው፤ ከቴሌቪዥን ጋር ሲገናኝ ግን የሚነካው ስክሪን ስለማያገለግል በምትኩ የተሰጠው ጠቋሚ ከስክሪኑ አለመጥፋቱ ሐያሲያንን አሰልችቷል።