35 ወይስ 70-200? ከጅማ ወደ ኩሌ ለሚሄድ ፎቶ አንሺ

ከጅማ በበደሌና በመቱ አድርገህ ጋምቤላ ልትወርድ ነው እንበል። ኩሌ መጠለያ ጣቢያ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን ኑሮ ልታነሳ። ከሩቁን ከሚያቀርበው 70-200 ሚሊሜትር ሌንስ ይልቅ እኔ ሰፋ አድርጎ ለሚያሳየው ለ35 ሚሊሜትሩ አደላለሁ።

70-200 ከሩቅ ይስባል። ሰውየው ሳያውቅ ፊቱን ትወስዳለህ፣ ያውም በችግሩ ሰዓት። ይሄ ደስ አይለኝም። ደግሞ ይከብዳል፤ በዚያ ሙቀት አንገት ይቆርጣል።

በ35 ግን ጠጋ ማለት፣ ሰላም ማለት፣ ማስፈቀድ ግድ ነው። ዙሪያውንም ያስገባልሃል። ቦኖው ጋ ሰዎቹ ጥላ ስር ተቀምጠው ወረፋውን ቢጫ ጀሪካኖች ይዘውላቸዋል። አንዱ ክዳን የለውም፤ በፌስታል ተወትፏል። ረጅሙ ሌንስ ይህንን ሁሉ አደብዝዞ ይበላዋል።

ለልምምድ ሐሙስ እዚያው ጅማ ሂርማታ ገበያ ውጣና ተጋፋ። የመግቢያ ፈቃዱን ደግሞ ከስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት ቀድመህ ጨርስ።