የሳቬጅ 110 ምላጭ፦ ማላላት ያዋጣል ወይ?

ሳቬጅ 110 የሚባለውን የአደን ጠመንጃ ይዛችሁ ምላጩ ከጠነከረባችሁ አላሉት፣ ፋብሪካው ራሱ ለዚሁ ብሎ ነው የሠራው። ግን ምላጩን ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት 3 ፓውንድ አካባቢ ሲደርስ እጃችሁን ሰብስቡ።

ይህን የምጽፈው እዚህ ሚኒሶታ አጋዘን ማደን ለጀመሩ ልጆች ነው። ስለ ምላጭ ማላላት የማይጠይቀኝ የለም። እኔ የያዝኩት .308 የሚባለውን ጥይት የሚጎርሰውን ነው። ሞዴል 110 በፈረንጆቹ 1958 የወጣ የቆየ ጠመንጃ ነው፤ አኩትሪገር የሚሉት ምላጭ የተጨመረበት ግን ብዙ ቆይቶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስታዩት ከምላጩ መሃል አንዲት ቀጭን ብረት ብቅ ብላለች። ጣታችሁ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው። ጠመንጃው ወድቆ ወይም ተጋጭቶ ውስጥ ያለው መያዣ ድንገት ቢለቅ እንኳ እሷ ካልተጫነች መንገዱን ትዘጋበታለች፤ እንደገና ካላቀባበላችሁ አይተኩስም። ምላጩን ማላላት ብዙም የማያስፈራው በዚህች ብረት ምክንያት ነው። ምንሽር የለመዱ አባቶች ይሄን ቢይዙ ግን «ገና ሳልነካው ጮኸ» ማለታቸው አይቀርም።

ለምን ይላላል? ጠመንጃው ያለ መነጽሩ 7 ፓውንድ ገደማ ነው። ምላጩ 6 ፓውንድ ከሆነ ጠመንጃውን ለማንሳት ሊበቃ ጥቂት የቀረው ጉልበት በአንድ ጣት እያወጣችሁ አፈሙዙ ዝም እንዲል ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። አይልም። ወደ 3 ሲወርድ ልዩነቱ ኢላማው ላይ ይታያል።

ታዲያ ለምን ከዚያ በታች አይወርድም? ምክንያቱም አደኑ ኅዳር ላይ ነው። ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ ጓንት አድርጋችሁ፣ ጣታችሁ ደንዝዞ፣ ልባችሁ እየመታ አጋዘኗ ስትወጣ በጣም የላላ ምላጭ እናንተ ሳትወስኑ ይወስናል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ኢላማ የሚመታ ሰው የፈለገውን ያህል ያላላ፣ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

የማልወደው ነገር ቢኖር ማስተካከያው ያለበት ቦታ ነው። ትንሽ መፍቻ አብራ ትመጣለች፣ ግን የሞላው ማስተካከያ ጋ ለመድረስ ሰደፉን መፍታት አለባችሁ። መልሳችሁ ስታስሩ ደግሞ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ሊቀየር ስለሚችል ኢላማ እንደገና መፈተሽ የግድ ነው። ስለዚህ የአደን ዋዜማ ማታ አትጀምሩት። እስከ ስንት እንደሚወርድ እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መመሪያውን አንብቡ። ስትመዝኑም ለዚህ የተሠራ መለኪያ ግዙ፣ አገር ቤት ስትሄዱ የምታወጡትን የሻንጣ ሚዛን ይዛችሁ አትምጡ።

ካስተካከላችሁ በኋላ ጥይት አለመኖሩን ሁለቴ አይታችሁ አቀባብሉትና ሰደፉን ወፍራም ምንጣፍ ላይ መታ መታ አድርጉት፤ ማቀባበያውንም በኃይል ክፈቱ ዝጉ። አንዴ እንኳ በራሱ ከለቀቀ ወደ ባለሙያ ውሰዱት፣ እቤት አትነካኩት።

ሌላ ጠመንጃ ያላችሁ ደግሞ እኔ ያልኩትን ይዛችሁ አትሂዱ። በ2014 ሬሚንግተን ኤክስማርክ ፕሮ ምላጭ ያላቸውን ሞዴል 700 እና ሞዴል ሰቨን ጠመንጃዎች ወደ ፋብሪካ እንዲመለሱ የጠራው ሳይታሰብ ሊተኩሱ ይችላሉ ብሎ ነው፤ ከሜይ 2006 እስከ ኤፕሪል 2014 የተሠሩትን ማለት ነው። ያገለገለ ከገዛችሁ መጀመሪያ የጠመንጃውን መለያ ቁጥር አጣሩ። የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ከ2 እስከ 4 ፓውንድ ይስተካከላል፣ እንደወጣ ራሱ ግሩም ስለሆነ እኔ ብሆን አልነካውም።

አንድ ነገር ግን ምላጭ አያስተካክለውም። ጥይቱ ሊጮህ ሲል ዓይኑን የሚጨፍንና ምላጩን የሚመነጭቅ ሰው 3 ፓውንድም 6 ፓውንድም ላይ ይስታል። ለሱ መድኃኒቱ ባዶ ጠመንጃ ይዞ ምላጭ ቀስ ብሎ መሳብ መለማመድ ነው፣ ደግሞ ነፃ ነው።

ገና ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ዋጋው ረከስ ያለውን የሳቬጅ አክሲስ ስታዩ ተጠንቀቁ። ተራው አክሲስ አኩትሪገር የለውም፣ አክሲስ ቱ አለው። የዋጋው ልዩነት ብዙ አይደለም፣ እኔ ሁለተኛውን ነው የምገዛው።