የግንድ ቁጥጥር፦ ኬላ ላይ ወይስ ጉቶ ላይ?

ኮምቦልቻ ሆኖ ቀና ላለ የሚታየው የየጎፍ ደን የመንግሥት ነው፤ ጥዱም ወይራውም የሁላችን ሀብት። ታዲያ ከመንግሥት ደን የሚወጣ ግንድ በሕግ መቆረጡ የት ይጣራ?

አንዱ መንገድ ኬላ ነው። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የደን ውጤት ያለ ፈቃድ እንዳይጓጓዝ ይከለክላል፤ ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ከጭነቱ ጋር ያመሳክራል። ፈጣን ነው፣ ብዙ ሰውም አይጠይቅም። ግን ግንዱ ከየትኛው ተዳፋት እንደመጣ ኬላ ላይ በምን ይታወቃል? በአንድ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ቢጫንስ?

ሌላው ጉቶው ድረስ ወጥቶ ኦዲት ማድረግ ነው። ከቆረጣ በፊት የእያንዳንዱ ዛፍ ውፍረት ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ ይለካል፣ የዛፉ መለያ ቁጥርም መዝገብ ላይ ሰፍሮ ከግንዱ ግርጌ በቀለም ይጻፋል። ዛፉ ሲወድቅ ቁጥሩ ጉቶው ላይ ይቀራል። ኦዲተሩ ጉቶ ለጉቶ እየዞረ ከመዝገቡ ጋር ያስተያያል፤ ቁጥር የሌለው ጉቶ ካገኘ ጥያቄው እዚያው ይነሳል። እርግጥ ዳገቱ ያደክማል፣ ክረምት ላይ ጭቃው አያስኬድም።

እኔ ተጨማሪ በጀት ከተገኘ ለጉቶው ይሁን እላለሁ። ኬላው ይነሳ ማለቴ አይደለም፤ ኬላ የሚደርሰው ግን ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው፣ የጉቶው ሥራ የሚጀምረው ከቆረጣ በፊት ነው፤ ጥድ ደግሞ ዝግ ብሎ ነው የሚያድገው። የጉቶ ቆጠራውን በበጋ መጀመር ይቻላል።