የሂከሪ ደጋኔ በሚኒሶታ ሙቀትና ብርድ

ከአንድ ወጥ እንጨት የተጠረበ፣ ፋይበርግላስ ያልተለበጠበት የሂከሪ (ጠንካራ የአሜሪካ ዛፍ ነው) ደጋን ይዤ ሚኒሶታ ውስጥ አራቱንም ወቅት አይቻለሁ። ርዝመቱ 66 ኢንች ነው፤ 28 ኢንች ድረስ ለመሳብ የ45 ፓውንድ ጉልበት ይጠይቃል። እኔ የምስበው 27 ኢንች ስለሆነ እጄ ላይ የሚያርፈው ከዚያ ሁለት ሦስት ፓውንድ ያነሰ ነው። የግዛቱ ሕግ ለአጋዘን አደን የሚጠይቀው ቢያንስ 30 ፓውንድ በመሆኑ ይበቃኛል። ጉልበቱን ተማምኖ 60 ፓውንድ የሚገዛ ሰው በደንብ ሳያነጣጥር ክንዱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጀማሪ ከ35 እስከ 40 ቢይዝ ይሻለዋል።

ደጋን ስትመርጡ ከሁሉ በፊት የምትኖሩበትን አየር አስቡ። ሂከሪ አይበገሬ ነው፣ ዋጋውም ኦሴጅ ከሚባለው ሌላ የደጋን እንጨት ይረክሳል፤ ነገር ግን እርጥበት ይጠጣል። ሐምሌ ላይ አየሩ ሲከብድ የእኔው ደጋን ፈዘዘ፤ በብርዱ ወራት 20 ያርድ ላይ መሃል ይገባ የነበረው ቀስት ዝቅ ብሎ መውደቅ ጀመረ። አውታሩን ስፈታለትም ቀጥ ማለቱን ትቶ ጎበጥ ብሎ ይቀራል። ማሞቂያ ቤቱን በሚያደርቅበት ጊዜ ግን፣ ሌላው እንጨት ይሰበራል ተብሎ ሲፈራለት፣ ሂከሪ ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ አየሩ ደረቅ በሆነው ዴንቨር ላለ ሰው ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ፤ እርጥበት በሚበዛበት ሂውስተን ላለ ግን ጨምሮ ኦሴጅ ቢገዛ ይበጀዋል። እኔ አሁን የማስቀምጥበትን ክፍል እርጥበት በማድረቂያ ከ50 በመቶ በታች አደርገዋለሁ፤ ለውጡ በግልጽ ይታያል። ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ግን በፍጹም አይተውም።

ከመግዛታችሁ በፊት የደጋኑን ጀርባ፣ ማለትም ስትስቡ ወደ ዒላማው የሚዞረውን ፊት፣ ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩት። የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆረጥ መሄድ አለበት፤ ወደ ጎን ሾልኮ ከወጣ ስብራቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። እኔ በየጊዜው ጥጥ ይዤ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች እዳብሳለሁ። ዓይን የማያየው ስንጥር ቢነሳ ጥጡን ይይዘዋል። እስካሁን ንጹሕ ነው።

አውታሩ ዳክሮን ነው፤ ትንሽ የሚለጠጥ ሰው ሠራሽ ክር ማለት ነው። የማይለጠጠውና ፈጣን የሚባለው አውታር ጫፉ ያልተጠናከረን እንጨት ይበላዋል። ቀስት ሳይኖርበት ስቦ መልቀቅማ ደጋኑን መግደል ነው።

ቀስቱን ለደጋኑ ማመጣጠን ከጠበቅሁት በላይ ጊዜ ወስዷል። የተሰጠኝ የካርቦን ቀስት በጣም ግትር ስለነበር በቀኝ እጄ ስስብ ወደ ግራ ይሄድብኛል። ለደጋኑ ጉልበት የሚስማማ የሴዳር እንጨት ቀስት ከላባው ጋር ስገዛ ቀና።

እዚህ የቀስት አደን የሚከፈተው እንቁጣጣሽ ባለፈ በቀናት ውስጥ ነው፤ እስከ ዲሴምበር መጨረሻም ይቆያል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ለእኛ ቤት ጥሩው ጊዜ ከዚያ በፊት ያለው ነው። ዘንድሮ አንዲት አጋዘን 15 ያርድ ላይ ጎኗን ሰጥታኝ ሳንባዋን አገኘሁት፤ ርቃ ሳትሄድ ወደቀች። ከ20 ያርድ በላይ ከሆነች አልለቅም። እንስሳ አቁስዬ ጫካ ውስጥ ከምሰድ ባዶ እጄን ብገባ እመርጣለሁ፤ በዚህ ደጋንም ከዚያ በላይ ርቀት አልጠይቅም።