ላንጋኖ ዳር ላገኘናቸው አባት፣ ከልብ እናመሰግናለን

ከላንጋኖ ከተመለስን ሦስተኛ ቀናችን ነው። ባለቤቴ "ሳትረሺው ጻፊው" እያለኝ ነው፤ እኔም ሳልጽፈው ማለፍ አልፈለግኩም።

ከተጋባን 9 ዓመታችን ነው። ትልቋ 7 ዓመቷ፣ ትንሹ 4። እነሱ ከተወለዱ ወዲህ ሁለታችን ብቻ አንድ ሌሊት እንኳ ከቤት ውጪ አድረን አናውቅም። ሠርግም ለቅሶም ይዘናቸው ነው የምንሄደው። ዘንድሮ የገፋችን እናቴ ናት። "ስድስት ልጅ ያሳደግኩ ሰው ሁለቱ ያቅቱኛል? ሂዱ በቃ!" ብላ አስወጣችን። እማዬ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

መንገዱ ከባድ አይደለም። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፈጣን መንገዱ እስከ ሞጆ፣ ከሞጆ በክፍያ መንገዱ እስከ ባቱ፣ ከዚያ ቡልቡላን አልፎ ወደ ግራ መታጠፍ ነው።

ሪዞርቱ እንደደረስን ስልኬን አወጣሁ። ኔትወርክ የለም። ትንሹ ጠዋት ስንወጣ እያለቀሰ ነበርና ልቤ ተንጠለጠለ። ስልኬን ወደ ላይ አንስቼ ወዲህ ወዲያ ስል አንድ ሰው ከዳርቻው መጡ። ሃምሳዎቹን ያለፉ ይመስላሉ። እዚያው ሐይቁ ዳር ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ ቀን ቀን የሚዋኙትን ይጠብቃሉ፣ ማታ ማታ እሳት ያነዳሉ።

"ልጄ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?" አሉኝ። ነገርኳቸው። "እዚያ ግራር ስር ይሠራል። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ደውይ። በየሰዓቱ ከደወልሽ ግን እነሱም ይረበሻሉ፣ አንቺም አታርፊም።" እሺ ጋሼ አልኩ። እንዳሉት አደረግኩ፣ እንዳሉትም ሆነ። ማታ ስደውል ትንሹ ከአያቱ ጋር ቆሎ እየበላ ነበር፤ ሊያናግረኝም አልፈለገም።

ባለቤቴ ዋና አይችልም። መርካቶ ያደገ ልጅ ነው፣ ውሃ ይፈራል። የላንጋኖ ውሃ ደግሞ ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል፣ ሥሩ አይታይም። ጋሼ በእፍኛቸው ቀድተው አሳዩን። "ቆሻሻ አይደለም፣ አፈሩ ነው" አሉ። ላንጋኖ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው እየተባለ ሰው በብዛት ይዋኝበታል፤ ቀለሙን አይተው የሚመለሱ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

"ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ሞገዱ ይበረታል። ዋና በጠዋት ነው" ብለው ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቀጠሩን። ፀሐይዋ ከአርሲ ተራሮች በላይ ወጥታ ሐይቁ ላይ ተኝታለች። ጋሼ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡና ውሃው ወገብ በሚደርስበት ቦታ አንድ እንጨት ተከሉ። "ከዚህች አታልፍም" አሉት። ከዚያ አንድ መዳፋቸውን ከማጅራቱ ስር፣ አንዱን ከወገቡ ስር አደረጉ። "አንገትህን ልቀቀው። ሰማዩን ብቻ እይ።"

ባለቤቴ እንደ ግንድ ደርቋል። ሁለቴ ሰመጠ፣ ውሃ ጠጣ፣ ሳለ። ጋሼ አልተቆጡም፣ አልቸኮሉም። በሦስተኛው ትከሻው ላላ ሲል አየሁ። ጋሼም ምንም ሳይነግሩት መጀመሪያ አንዱን እጃቸውን፣ ቀጥለው ሌላውን ቀስ ብለው አወጡ። ተንሳፈፈ! "ይዘውኛል አይደል?" ይላል ዓይኑን ጨፍኖ። ጋሼ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ለእኔ አሳዩኝ። እንባዬ መጣ። የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት ክፍያ ሲያስብ የሚውለው ፊቱ እንደዚያ ተፈትቶ ካየሁት ስንት ዓመቴ!

ማታ እሳቱን አያያዙልን። ሁለት ወንበር ወደ ሐይቁ አዙረው አስቀመጡና ደህና እደሩ ብለው ሄዱ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ልጆች ሳንወልድ የሄድንበት አንድ ቦታ ስፒከሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሲጮህ ሳናወራ ነው ያደርነው። እዚህ የሞገዱ ድምፅ ብቻ ነው። የቆሮሶ ዓሣ ጥብሳችንን በልተን መጀመሪያ ስለ ልጆቹ አወራን። ከዚያ ዝም አልን። ከዚያ ባለቤቴ ስለ አባቱ አወራኝ። ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ ስለሳቸው ረዘም አድርጎ ሲያወራ የሰማሁት ያን ማታ ነው።

ቁርስ የምታቀርብልንን እህታችንንም ሳላመሰግን አላልፍም። እሑድ ሰዓቱ አልፎ ነው የነቃነው። አላንኳኳችም፤ ፍርፍሩን ከድና አቆየችልን። "ድካም ያስታውቃል፣ ልቀስቅሳችሁ ብዬ አሳዘናችሁኝ" አለች።

መሄድ ለምታስቡ ጥንዶች፦ ከተቻለ በሥራ ቀን ሂዱ፣ ጸጥታው ሌላ ነው። ጥሬ ብር ያዙ። ማታ ስለሚቀዘቅዝ ጋቢም አትርሱ። ጋሼ "ስሜን እንዳታወጪ" ስላሉኝ ስማቸውንም የሪዞርቱንም ስም እዚህ አልጻፍኩም። የሪዞርቱን ስም በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ስትደርሱ ዋና የሚያስተምሩት አባት የት ናቸው በሉ፣ የማያሳያችሁ የለም። ስታገኟቸው ደግሞ የሚሏችሁን ስሙ።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎ፦ ስንሰናበት "አላህ ያሳድግላችሁ" ያሏቸውን ልጆች ለፋሲካ ይዘናቸው እንመጣለን። ትልቋ ከአባቷ ጋር ልትንሳፈፍ ከወዲሁ ቀን እየቆጠረች ነው። እንጨቱን ትንሽ ወደ ዳር ጠጋ አድርገው ይትከሉልን።